ከመምከር በፊት መስማት
(ስለ ምክር ሙያ የመነሻ ትምህርት ለጮሌ ወጣቶች የቀረበ ጥናት)

መግቢያ



«ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው» የሚለውን ተረት ከልጅነታችን ጀምሮ ስንሰማ አድገናል። አባባሉ እውነት ቢኖረውም አንድ ነገር ይጎድለዋል። መካሪው ደጋግሞ መናገሩን ይነግረናል እንጂ ተመካሪው በበኩሉ ምን እንዳለ፣ የሚሰማውም ሰው አግኝቶ እንደሆነ አይጠይቅም። እኛም በዚህ ጥናት ልንመለከት ያሰብነው ይህንኑ የተዘለለውን ክፍል ነው። ይኸውም በችግር ላይ ያለውን ሰው መርዳት የሚፈልግ፣ ምናልባትም ኋላ ሙያው ሊያደርገው የሚመኝ ወጣት፣ እርሻውን ወይም ትምህርቱን ሳያቋርጥ በትርፍ ጊዜው ሊማረው የሚገባው የምክር መነሻ ትምህርት ምን እንደሆነ፣ ምን እንደሚሰጥና ምን እንደማይሰጥ ለማሳየት ነው።

ወደዚህ ጥናት ያመጣን የራሳችን ስሕተት ስለሆነ ከእርሱ እንጀምራለን።

ሀ. ስሕተታችን

እንደሚታወሰው፣ ለ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና ከተቀመጡት ተማሪዎች መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ውጤት ያገኙት ከመቶ 3.3 ብቻ ነበሩ። በ2015ቱም ፈተና ከመቶ 3.2 ሆነ። ሬዲዮው ቁጥሩን ተናግሮ አለፈ፤ እኛ ግን ቁጥሩን በየጎረቤታችን አየነው።

ከጓደኞቻችን አንዱ ውጤቱን ከሰማ በኋላ ከቤት መውጣት ተወ። እናቱም «ልጄ እህል አልቀምስ አለ፤ ኑና ምከሩልኝ» ብለው ላኩብን። አራት ሆነን ሄድን። እርሱ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ተቀምጦ አገኘነው። እኛም ተራ በተራ መከርነው። አንዱ «አይዞህ፣ ያልወደቀ ማን አለ!» አለው። ሁለተኛው ሳይማር በንግድ የተሳካለትን የአጎቱን ልጅ ታሪክ አወራለት። ሦስተኛው «ከአንተ የባሰ አለ፤ ፈጣሪህን አመስግን» ሲል ገሠጸው። አራተኛው ስለ ግል ኮሌጅ ክፍያ አስረዳው። አንድ ሰዓት ያህል ቆይተን፣ ቡናችንን ጠጥተን፣ በጎ ሥራ እንደ ሠራ ሰው ደስ ብሎን ወጣን። በዚያ አንድ ሰዓት ውስጥ ከእርሱ አፍ የወጣው «እሺ» የሚለው ቃል ብቻ ነበር።

ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶ በጤና ሥራ ላይ ያሉ አንዲት ነርስ እናቱን ሊጠይቁ መጥተው ከእርሱ አጠገብ ተቀመጡ። ብዙ አልተናገሩም። «ከተመለስክ ወዲህ ሌሊቱ እንዴት ያልፍልሃል?» ብለው ጠየቁትና ዝም አሉ። ዝምታው ረዘም አለ። ከዚያ በኋላ አለቀሰ፤ ለማንም ያልነገረውንም ነገራቸው። እንቅልፍ ካጣ ሰንብቷል። አባቱ ለትምህርቱ ብለው አንድ በሬ ሸጠዋል፤ እርሱም ሥራ ፈትቶ የተሰቀለውን ቀንበር ባየ ቁጥር መኖሩን ይጠላ ነበር። ነርሷም ይህን ሲሰሙ ለብቻው አልተዉትም፤ በማግስቱ ወደ ጤና ጣቢያ ይዘውት ሄዱ፤ እየተመላለሰም ተረዳ። ዛሬ ከእኛ ጋር ነው። «ስሜ ይቅር እንጂ ነገሩ ይጻፍ፤ ለሌላው ይጠቅማል» ብሎ የፈቀደልንም እርሱ ራሱ ነው።

አንድ ቀን ስለዚያ ጉብኝታችን ስንጠይቀው «ሁላችሁም መልስ ይዛችሁ መጣችሁ፤ ምን ሆንክ ብሎ የጠየቀኝ ግን አልነበረም» አለን። ይህ ቃል እስከ ዛሬ ከልባችን አልወጣም።

ለ. ምክር ስንል ምን ማለታችን ነው?

ቋንቋችን ራሱ ልዩነቱን ያውቀዋል። «መምከር» ስንል አንዱ ተናጋሪ፣ ሌላው ሰሚ ነው። «መማከር» ስንል ግን ሁለቱም አብረው ያስባሉ፤ ባለጉዳዩም ሐሳብ አለው ማለት ነው። ዛሬ የምክር አገልግሎት እየተባለ የሚጠራው ሙያ በስሙ ወደ መምከር ቢያደላም በሥራው ወደ መማከር የቀረበ ነው። አማካሪው ለሰውየው ኑሮ አይወስንለትም፤ ሰውየው ራሱ የሆዱን አውጥቶ እንዲያየውና የሚሻለውን እንዲመርጥ ይረዳዋል።

ይህ ማለት ግን አባቶቻችንና እናቶቻችን ችግርን የሚያቃልሉበት መንገድ አልነበራቸውም ማለት አይደለም። በክርስቲያኑ ቤት የንስሐ አባት አለ። በሙስሊሙም ዘንድ የሚከበሩና የሚሰሙ የሃይማኖት ሽማግሎች አሉ። በአርሲ ኦሮሞ ዘንድ ጃርሱማ የሚባለው የሽማግሌዎች እርቅ እስከ ዛሬ ይሠራል። ደግሞም ሲንቄ አለ፤ ይኸውም እናት ልጇን ስትድር የምትሰጣት በትር ነው። ሴቶች ሲንቄያቸውን ይዘው በመካከል ሲቆሙ ወንዶች ጠብ ያቆማሉ፤ የተበደለችም ሴት ሰሚ ታገኛለች። እነዚህ ሁሉ ሊጠበቁ የሚገባቸው ሀብቶች ናቸው። ነገር ግን ሽማግሌ የሚቀመጠው የሁለት ወገን ጠብ ሲኖር ነው፤ የንስሐ አባትም የሚፈልጉት ስለ ኃጢአት ነው። በፈተና ወድቆ፣ ወይም ልጅ ሞቶበት፣ ወይም በስደት ካለ ወንድሙ ወሬ አጥቶ በጭንቀት የሚሰቃይ ሰው ግን የተጣላው ሰው የለም፤ የሠራው ኃጢአትም ላይኖር ይችላል። የሚያስፈልገው ሳይፈርድበት የሚያዳምጠው ሰው ነው።

የኢዮብን ታሪክ የምናውቅ ሁሉ ስለ ሦስቱ ወዳጆቹ እናስታውሳለን። በመጀመሪያ ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት ከእርሱ ጋር በምድር ላይ ተቀምጠው አንድ ቃል ሳይናገሩ ቆዩ። እስከዚያ ድረስ ያደረጉት ሁሉ መልካም ነበር። ጥፋታቸው የጀመረው አፋቸውን ከፍተው የመከራውን ምክንያት ሊያስረዱት በተነሡ ጊዜ ነው። እኛማ ሰባት ደቂቃ እንኳ ዝም አላልንም።

በሙያው ውስጥ ስሙ በሰፊው የሚነሣው አሜሪካዊው የሥነ ልቡና ሊቅ ካርል ሮጀርስ (እ.ኤ.አ. 1902–1987) ነው። እርሱም እ.ኤ.አ. በ1957 ባወጣው ጽሑፍ ሰው በምክር እንዲለወጥ ከሚያስፈልጉት ነገሮች መካከል ከአማካሪው የሚጠበቁትን ገልጿል። እነርሱም በእኛ አነጋገር ሲገለጹ፦

1ኛ. የሰውየውን ነገር በእርሱ ዓይን ለማየት መጣር፤
2ኛ. ሳይፈርዱና ቅድመ ሁኔታ ሳያበጁ መቀበል፤
3ኛ. የውስጥና የአፍ አንድ መሆን፣ ማለትም ሳያስመስሉ መቅረብ ናቸው።

ሦስቱም ለመናገር ቀላል፣ ለመፈጸም ግን ከባድ ናቸው። ትምህርትና ልምምድ የሚያስፈልገውም ስለዚህ ነው።

ሐ. የመነሻው ትምህርት ምን ይመስላል?

ብዙ ወጣት «አማካሪ ለመሆን ዩኒቨርሲቲ መግባት ያስፈልጋል፤ እኔ ደግሞ አልገባሁም» ብሎ ገና ከደጁ ይመለሳል። እርግጥ ነው፣ በሙያው ለመተዳደር ረጅም ትምህርት ያስፈልጋል። ነገር ግን መንገዱ ደረጃ በደረጃ ነው፤ የመጀመሪያው ደረጃ ደግሞ ዝቅተኛና ሰፊ ነው።

ለምሳሌ ያህል በእንግሊዝ አገር የተለመደውን እንመልከት። መጀመሪያ ከ8 እስከ 12 ሳምንት የሚቆይ የመግቢያ ትምህርት አለ፤ ይህም ብዙውን ጊዜ በሳምንት አንድ ምሽት የሚሰጥ ነው። ቀጥሎ በትርፍ ጊዜ 1 ዓመት ያህል የሚወስድ የማዳመጥ ክህሎት ትምህርት ይመጣል። በመጨረሻም ዋናው የሙያ ሥልጠና በትርፍ ጊዜ ለሚማር ሰው ቢያንስ 2 ዓመት ይፈጃል፤ በዚህ ጊዜ ሠልጣኙ ልምድ ባለው ሰው እየተቆጣጠሩት ቢያንስ 100 ሰዓት ከባለጉዳዮች ጋር ይሠራል። የመጀመሪያው ደረጃ ማንንም አማካሪ አያደርግም። ጥቅሙ ሁለት ነው፦ ሰውየው ለዚህ ሥራ ይሆን እንደሆነ ራሱን እንዲመረምር ያደርገዋል፤ ሙያውን ባይቀጥልበት እንኳ የተሻለ ወንድም፣ የተሻለች እኅት አድርጎ ይመልሰዋል።

በአገራችን ደግሞ የሥነ ልቡና ትምህርት በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና በሌሎችም ዩኒቨርሲቲዎች ይሰጣል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በምክር ሥነ ልቡና እስከ ሁለተኛ ዲግሪ መማር ይቻላል። በማታና በሳምንት መጨረሻ የሚማሩ ሠራተኞችም በየከተማው ብዙ ናቸው። በጤናው በኩል ነርሶች በአእምሮ ሕክምና ይሠለጥናሉ። ከእኛ በስተምዕራብ ባለችው በአሰላ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2014 የተቋቋመው የአርሲ ዩኒቨርሲቲ የጤና ባለሙያዎችን ያሠለጥናል። ስለዚህ በመነሻው ትምህርት ልቡ የተነካ ወጣት የሚወጣበት መሰላል አለው።

መ. አጭር ትምህርት ፍሬ አለው ወይ?

«በጥቂት ሳምንት ትምህርት ምን ይገኛል?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱንም ከታዩ ሥራዎች እንፈልግ።

አገራችን ለብዙ ዘመን የነበራት የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል በጣሊያን ወረራ ዘመን በአዲስ አበባ የተመሠረተው አማኑኤል ብቻ ነበር። ከጮሌ ተነሥቶ አሰላ፣ ከአሰላም 175 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ አዲስ አበባ መድረስ ለገበሬ ቤተሰብ ምን ማለት እንደሆነ አንባቢ ያውቀዋል። እ.ኤ.አ. በ2003 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ሥራ ይህን ዓይነት ርቀት ለማሳጠር የታሰበ ነበር። 10ኛ ክፍል የጨረሱ ወጣት ሴቶች 1 ዓመት ሠልጥነው በየቀበሌው ሁለት ሁለት ሆነው ተመደቡ፤ ከጊዜ በኋላም ቁጥራቸው ከ30,000 በላይ ሆነ። የሐኪምን ሥራ አልወሰዱም፤ ነገር ግን ሐኪም ሊደርስበት ያልቻለው ደጃፍ ላይ ደረሱ።

ለምክር ሥራ ይበልጥ የቀረበው ምሳሌ በጉራጌ በሶዶ ወረዳ የተደረገው ነው። በዚያ 10ኛ ክፍል ድረስ የተማሩ የአካባቢው ሰዎች 5 ሳምንት ያህል ሠልጥነው ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸውን ሰዎች በየቤታቸው እየሄዱ ይረዱ ጀመር። ሕመምተኛውንና ቤተሰቡን ያነጋግራሉ፤ መድኃኒቱን እንዲከታተል ያግዛሉ፤ ከሠፈሩ ሰው ጋር እንዲቀላቀል መንገድ ያበጃሉ። ጥናቱ በ48 ቀበሌዎች ተካሂዶ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2022 ወጣ። ይህን እርዳታ ከጤና ጣቢያው ሕክምና ጋር ያገኙት ሕመምተኞች፣ ሕክምናውን ብቻ ካገኙት ይልቅ ከ1 ዓመት በኋላ ለሥራና ለኑሮ ተሽለው ተገኙ። ልብ እንበል፤ ሕክምናው አልቀረም፤ የጎረቤት ልጅ ታከለበት እንጂ።

ከአገራችን ውጭም እንዲሁ ነው። በዚምባብዌ ዲክሰን ቺባንዳ የተባለ የአእምሮ ሐኪም ነበር። አንዲት የምታክመው ወጣት፣ ቤተሰቧ የአውቶቡስ ገንዘብ አጥቶ ወደ እርሱ ሳታመጣት በመቅረቷ ሕይወቷ አለፈ። እርሱም ከዚህ ኀዘን ተነሥቶ እ.ኤ.አ. በ2006 በሐራሬ ምባሬ በተባለው ሠፈር 14 አያቶችን አሠለጠነ። አያቶቹ በጤና ጣቢያው ግቢ በእንጨት አግዳሚ ወንበር ላይ እየተቀመጡ የተጨነቀውን ያዳምጣሉ፤ ከችግሮቹ አንዱን መርጦ መፍትሔ እንዲፈልግ ይረዱታል። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመው ጥናት በዚህ የተረዱት ሰዎች ጭንቀታቸው በእጅጉ እንደ ቀነሰ አሳየ። በለንደንም እ.ኤ.አ. በ1953 ቻድ ቫራ የተባለ ቄስ ተስፋ የቆረጡ ሰዎች በስልክና በአካል የሚመጡበት አገልግሎት ጀመረ። ብዙ ሳይቆይም አንድ ነገር ተገነዘበ፦ ተራ ሲጠብቁ ሻይ እያቀረቡ ከሚያዳምጧቸው በጎ ፈቃደኞች ጋር የተነጋገሩ ብዙዎች ቄሱን ማግኘት ሳያስፈልጋቸው ቀሏቸው ይሄዱ ነበር።

እኛስ በቀን ሦስት ጊዜ ቡና የምናፈላ ሰዎች አይደለንምን? የሚቀመጡበት በርጩማ አለን፤ ጊዜም አለን። የጎደለን ማዳመጥና ምሥጢር መጠበቅ ነው። ቡና ላይ የተነገረ ነገር ሳይመሽ ሠፈሩን እንደሚያዳርስ ሁላችንም እናውቃለንና።

ሠ. የሞከርነው ልምምድ

ከላይ የጠቀስናቸውን ነርስ ለምነን ከበልግ ሥራ በፊት በተከታታይ ቅዳሜዎች ከሰዓት በኋላ ሁለት ሁለት ሰዓት ተማርን። ልምምዱም የሚከተለው ነበር። ሦስት ሦስት ሆነን እንቀመጣለን። አንዱ እውነተኛ፣ ግን ቀላል የሆነ ችግሩን ለ10 ደቂቃ ይናገራል፤ ሁለተኛው ያዳምጣል፤ ሦስተኛው ሰዓት ይዞ ይመለከታል። ከዚያ ቦታ እንለዋወጣለን።

በመጀመሪያው ቅዳሜ ተመልካቾቹ ሰዓታቸውን ሲያዩ አፈርን። ከአንዱ ቡድን በስተቀር ከ10ሩ ደቂቃ ይበልጡን የተናገረው አዳማጩ ነበር። ከዚህም የተማርነውን በአጭሩ እናስቀምጣለን።

1ኛ. «እኔም እኮ እንዲሁ ሆኜ ነበር» ከማለት መቆጠብ። ይህን ስንል ነገሩን ከእርሱ ነጥቀን የራሳችን እናደርገዋለን።

2ኛ. በ«አዎ» ወይም በ«አይደለም» የሚያልቅ ጥያቄ አለመደጋገም። «ተናደድክ?» ከማለት «ያን ጊዜ ምን ተሰማህ?» ማለት ይሻላል። «ለምን?» የሚለው ጥያቄ ደግሞ ብዙ ጊዜ እንደ ክስ ይሰማል።

3ኛ. የሰማነውን በራሳችን ቃል መልሰን መጠየቅ። «የከበደህ መውደቅህ ሳይሆን የአባትህ ድካም ነው ማለት ነው?» ብንል፣ ተሳስተንም እንደሆነ ያርመናል።

4ኛ. ዝምታን አለመፍራት። ሰው ዝም ሲል ሐሳቡን እየፈለገ ሊሆን ይችላል።

5ኛ. «አይዞህ» የምንልበትን ጊዜ ማወቅ። ይህ ቃል ከሰሙ በኋላ ሲነገር ያጽናናል፤ ሳይሰሙ ሲነገር ግን «በቃህ፣ ዝም በል» እንደ ማለት ይሆናል።

6ኛ. በሰውየው ቋንቋ ማዳመጥ። በጮሌ ብዙው ሰው ሆዱን የሚገልጠው በኦሮምኛ ነው። ኀዘኑን ተርጉሞ እንዲነግረን ማስገደድ የለብንም፤ ካልቻልንም ለሚችል ወንድም ቦታውን እንልቀቅ። ታላላቆችንም ስናዳምጥ «አንቱ» ማለትን፣ ከእኛ ቀድመው እንዲቀመጡ ማድረግን አንርሳ፤ ክብሩ የተነካ ሰው አይናገርምና።

ረ. የማይታለፍ ድንበር

ትንሽ ዕውቀት ኩራት ያመጣል። ስለዚህ የመነሻው ትምህርት ግማሹ ስለ ችሎታ፣ ግማሹ ስለ ድንበር መሆን አለበት ብለን እናምናለን።

በመጀመሪያ፣ የተነገረን ምሥጢር ነው። ለወዳጅ፣ ለቤተሰብ፣ ለስብሰባም ቢሆን አይወራም። ነገር ግን የሰው ሕይወት አደጋ ላይ ሲሆን፣ ወይም ሕፃን ሲበደል፣ ብቻችንን ይዘነው አንቀመጥም፤ ይህንንም ገና ከመጀመሪያው ለሰውየው መንገር ይገባል።

በሁለተኛ ደረጃ፣ ወደ ጤና ጣቢያ የሚወሰደውን ማወቅ አለብን። ለብዙ ቀን እንቅልፍ ያጣ፣ እህል የተወ፣ ሌላው የማይሰማውን ድምፅ የሚሰማ፣ የሚጥል በሽታ ያለበት፣ ወይም ሞትን የሚመኝ ሰው የእኛ ጆሮ ብቻ አይበቃውም። በዚህ ላይ ብዙዎቻችን የምንፈራው ነገር አለ፤ ስለ ሞት ብንጠይቀው ሐሳቡን የምናስተምረው ይመስለናል። ይህ ስሕተት ነው። «መኖር እስኪያስጠላህ ደርሰሃል ወይ?» ብሎ በፍቅርና በግልጽ መጠየቅ ሐሳቡን አያመጣበትም፤ የደበቀውን ሸክም እንዲያወርድ መንገድ ይከፍትለታል እንጂ። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይባላልና። ከተናገረ ብቻውን ሳንተወው ከቤተሰቡ ጋር ሆነን በዚያው ቀን ወደ ጤና ባለሙያ እንውሰደው። ጸሎትና ጸበልም የሐኪምን መድኃኒት ለማስጣል ምክንያት ሊሆኑ አይገባም፤ ሁለቱን አብሮ መያዝ ይቻላል።

በሦስተኛ ደረጃ፣ የጥቂት ቅዳሜ ትምህርት የወሰደ ወጣት «አማካሪ ነኝ» ብሎ ራሱን መጥራት የለበትም። ገንዘብም ሆነ ስጦታ አይቀበል። የሌላውን ሸክም ብቻውንም አይሸከም፤ የከበደውን ነገር ስም ሳይጠራ ለአስተማሪው ያካፍል። የሰለጠኑት አማካሪዎች ሳይቀሩ ከእነርሱ የሚበልጥ ባለሙያ ዘንድ እየሄዱ ሥራቸውን ይመረምራሉና።

ማጠቃለያ

ከጥናታችን የተረዳነው ይህ ነው። የምክር ሙያ የሚጀምረው ብዙ በማወቅ ሳይሆን የራስን አፍ በመግታት ነው። ይህን መጀመሪያ ለመማር ዲግሪም ሕንፃም አያስፈልግም፤ አንድ ባለሙያ፣ ጥቂት በርጩማ፣ የተወሰነ ሰዓትና ትዕግሥት ይበቃል። ከዚያ ወዲያ መቀጠል ለሚፈልግ ረጅሙ መንገድ ክፍት ነው። ከመካከላችንም ሁለት እኅቶች የነርስነትን፣ አንድ ወንድም ደግሞ የሥነ ልቡናን ትምህርት ለመከታተል ቆርጠው ተነሥተዋል። የቀረነውም ባንቀጥል ከእንግዲህ ወደ ታመመ ወዳጅ ቤት ስንሄድ አራት ሆነን አንሄድም፤ መልስ ይዘንም አንሄድም።

እነሆ የመኸሩ እህል ከተሰበሰበ በኋላ ትምህርቱን ለ10 ቅዳሜ ልንቀጥል አስበናል። ቦታው ጥቂት ነው፤ ልቡ የፈቀደ ሁሉ ግን ከአሁኑ በቤቱ ሊጀምር ይችላል። ዛሬ ማታ ከቤተሰቡ አንዱን «ውሎህ እንዴት ነበር?» ብሎ ይጠይቅ፤ መልሱም እስኪያልቅ ድረስ ሳያቋርጥ ያዳምጥ።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በችግርህ ጊዜ በእውነት ያዳመጠህ ሰው ማን ነበር? ምን አደረገ? ምንስ ሳያደርግ ቀረ?
2. ሽማግሌ፣ የንስሐ አባትና አማካሪ በምን ይመሳሰላሉ? በምንስ ይለያያሉ?
3. ምሥጢር ልንጠብቅ የማይገባን መቼ ነው? ለሰውየውስ እንዴት እንነግረዋለን?
4. ሦስት ሦስት ሆናችሁ የ10 ደቂቃውን ልምምድ ሞክሩ። ሰዓት የያዘው ምን አየ?